የተበጠሰ ነርቭና የሞርፊን መርፌ

ቁስል ከደረቀ ሕመሙም አብሮ ይጠፋል የሚለው አስተሳሰብ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ሐኪሞች ይህን በጉልህ የተረዱት ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ነገሩን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። ሞርፊንን ከኦፒየም አጣርቶ ያወጣው፣ በ19ኛው ምዕት ዓመት መባቻ፣ ጀርመናዊው መድኃኒት ቀማሚ ፍሪድሪክ ዜርቱርነር ነው። በ1853 የኤዲንብራው ሐኪም አሌክሳንደር ውድ ይህንኑ መድኃኒት ከቆዳ ሥር በመርፌ መስጠት ጀመረ። ውድ የሚወጋው ከታመመው ነርቭ አጠገብ ነበር፤ መድኃኒቱ በተወጋበት ቦታ ላይ ይሠራል ብሎ ያምን ነበርና። ዳሩ ግን ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የለንደኑ ሐኪም ቻርልስ ሀንተር መርፌው ከሕመሙ ርቆ ቢወጋም ሥቃዩ ጋብ እንደሚል አሳየ። እንግዲህ ሞርፊን ከደም ጋር በመላው ሰውነት ይዘዋወራል ማለት ነው።

ስለ ነርቭ ራሱ ደግሞ እንግሊዛዊው አውግስጦስ ዎለር በ1850 የእንቁራሪት ምላስ ነርቮችን ቆርጦ በማይክሮስኮፕ መረመረ። ከሴሉ የተለየው የነርቭ ክር ቀስ በቀስ ሲፈርስ ተመለከተ።

ጦርነቱ በተነሣ ጊዜ ሳይላስ ዊር ሚቼል፣ ጆርጅ ሞርሃውስና ዊልያም ኪን በፊላደልፊያ ከተማ፣ በተርነርስ ሌን ሆስፒታል፣ ነርቫቸው በጥይት የተጎዳ ወታደሮችን ያክሙ ነበር። ያዩትንም በ1864 በመጽሐፍ አወጡ። ከወታደሮቹ አንዳንዶቹ ቁስላቸው ከደረቀ በኋላ እጃቸው ወይም እግራቸው እንደ እሳት ያቃጥላቸው ነበር። የጋዜጣ መንኮሻኮሽ ወይም የሰው ኮቴ እንኳ ያሠቃያቸዋል። እጃቸውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው የሚውሉ፣ ጫማቸው ውስጥ ውኃ የሚያፈሱም ነበሩ። ሚቼል ይህን ሕመም ኋላ ከግሪክ ቃላት ወስዶ «ኮዛልጂያ» ብሎታል፤ የሚያቃጥል ሕመም ማለት ነው።

ሐኪሞቹ ኋላ እንዳስታወሱት በዚያ ሆስፒታል በአንድ ዓመት ውስጥ 40,000 ያህል የሞርፊን መርፌ ተሰጥቷል። መርፌው ቃጠሎውን ለሰዓታት ያበርዳል፤ ነርቩን ግን አይጠግንም። ሰውነትም መድኃኒቱን ሲለምድ መጠኑን መጨመር ግድ ይሆናል። ከጦርነቱ የተመለሱ አያሌ ወታደሮች ከሞርፊን መላቀቅ ተስኗቸው ኖረዋል።

ለመሆኑ የተጎዳ ነርቭ የሚድነው እንዴት ነው? በ2ኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ በ1943፣ እንግሊዛዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም ኸርበርት ሴደን ጉዳቱን በሦስት ደረጃ ከፈለው። በመጀመሪያው ደረጃ ነርቩ ሳይበጠስ ሥራውን ለጊዜው ያቆማል፤ ይህ በራሱ ይድናል። በሁለተኛው የውስጡ ክር ተበጥሶ ሽፋኑ ይተርፋል፤ አዲሱ ክር በሽፋኑ ተመርቶ ስለሚያድግ ብዙ ጊዜ ይድናል። በሦስተኛው ነርቩ ፈጽሞ ይቆረጣል፤ ይህ ካልተሰፋ ተስፋው የመነመነ ነው።

የነርቭ ክር በቀን 1 ሚሊሜትር ያህል ያድጋል። ክርን አካባቢ የተበጠሰ ነርቭ ወደ እጅ ለመድረስ 30 ሴንቲሜትር ቢቀረው 300 ቀን ያህል ይፈጅበታል። ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ያለ ነርቭ የቆየ ጡንቻ ደግሞ እየመነመነ ሄዶ የመመለስ ዕድሉ ይጠባል። ስለዚህ ሕመሙ በመድኃኒት ስለ በረደ ብቻ ሕክምናን ማዘግየት እጅን ሊያሳጣ ይችላል።

ሞርፊን የሚሠራበት ቦታ ይበልጥ የታወቀው በ1973 ነው። በአሜሪካ ካንዴስ ፐርትና ሰሎሞን ስናይደር ሞርፊን የሚያርፍባቸው ተቀባዮች በአንጎል ውስጥ መኖራቸውን አሳዩ። በሕብለ ሠረሠርም እንደሚገኙ ከዚያ ወዲህ ታውቋል። መድኃኒቱ የሕመሙን መልእክት ያደክማል እንጂ እጅ ላይ የተበጠሰውን ክር አያስረዝምም። ዛሬም ሐኪሞች ሞርፊንንና መሰሎቹን ከባድ ጉዳት ለደረሰበትና ከቀዶ ጥገና ለወጣ ሰው ለአጭር ጊዜ ይሰጣሉ። ሥር ለሰደደ የነርቭ ሕመም ግን የሚያስቀድሙት ሌሎች መድኃኒቶችን ነው፤ ከእነዚህም መካከል ለሚጥል በሽታ የተሠሩ ይገኙበታል።

መምህራን ይህን ታሪክ ከባዮሎጂው ትምህርት ጋር አያይዘው ቢያቀርቡት መልካም ነው። ተማሪዎች ከትከሻቸው እስከ ጣታቸው ጫፍ በማስመሪያ ለክተው፣ አንድ ነርቭ ያንን ርቀት በስንት ቀን እንደሚያድግ ራሳቸው ያስሉ።