የቱቦ ዕድል የሚወሰነው ጫፉ ላይ ነው

መኪና እጥበት የሚሠራ ሰው ብታገኙ፣ የውሃው ጎማ ቶሎ የሚበላሸው የቱ ጋ እንደሆነ ጠይቁት። ብዙ ሳያስብ ጫፉን ያሳያችኋል። መሃሉ ቢረገጥም፣ ቢጎተትም፣ ቢጠማዘዝም ይችለዋል። ውሃ መትፋት የሚጀምረው ግን ጎማው ከብረቱ ጋር የተያያዘበት ቦታ ነው።

ለምን? አንዱ ለስላሳና ተለጣጭ፣ ሌላው ደረቅ ብረት ነው። ቱቦው የተሸከመው ጉልበት በሙሉ በዚያች አጭር ቦታ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር አለበት። ይህች ጫፍ መሐንዲሶችን ከ300 ዓመት በላይ ስትፈትን ኖራለች። እስቲ ታሪኩን ከመነሻው እንየው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከቆዳው እኩል ነሐሱ

ያን ቫን ደር ሄይደን የአምስተርዳም ሠዓሊ ነበር። ከሥዕሉ ሌላ አንድ ትልቅ ሥራ አለው፦ በ1670ዎቹ መጀመሪያ ከወንድሙ ከኒኮላስ ጋር ሆኖ ከቆዳ የተሰፋ የእሳት ማጥፊያ ቱቦ ሠራ። ከዚያ በፊት ውሃ የሚረጨው ፓምፑ ላይ ከቆመ አፍንጫ ስለነበር ፓምፑ ራሱ እሳቱ አጠገብ መቆም ነበረበት። ቱቦው ከመጣ በኋላ ግን ፓምፑ ራቅ ብሎ ይቆማል፤ ሰውየው ቱቦውን ይዞ ወደ እሳቱ ይገባል።

ቆዳው ብቻውን ግን ይህን አያደርግም። ወንድማማቾቹ ቱቦውን በ15 ሜትር ገደማ እየቆራረጡ፣ በየጫፉ የነሐስ መጋጠሚያ አስገቡለት። እሳቱ ሩቅ ከሆነ ሌላ ቁራጭ ይቀጠላል። ስለዚህ ረጅም ቱቦ ማለት ብዙ ጫፎች ማለት ነው። ከመካከላቸው አንዱ እንቢ ካለ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም።

ባልቲሞር 1904

በፌብሩዋሪ 7 ቀን 1904፣ የአሜሪካዋ ባልቲሞር ከተማ በእሳት ተያያዘች። ከዋሽንግተን የእሳት አደጋ ሠራተኞች ፓምፖቻቸውንና ቱቦዎቻቸውን በባቡር ጭነው ደረሱላት። ከሌሎች ከተሞችም ርዳታ መጣ። ሰው አለ፣ ውሃ አለ፣ ቱቦ አለ። ችግሩ የቱቦዎቹ ጫፍ ከባልቲሞር የውሃ መክፈቻዎች ጋር አለመግጠሙ ነበር። የአንዱ ከተማ ብሎን ጥርስና ስፋት ከሌላው ይለያል። እሳቱ ከአንድ ቀን በላይ ነድዶ ከ1,500 በላይ ሕንፃዎችን በላ።

በኋላ በአሜሪካ በተደረገ ምርመራ በየከተማው ያለው መጋጠሚያ ተሰብስቦ ሲታይ ከ600 በላይ ዓይነት ተገኘ። አንድ ወጥ የመጋጠሚያ ደረጃ የማውጣቱ ሥራም ከዚህ በኋላ ተጠናከረ። የመጀመሪያው ጥያቄ እንግዲህ ቀላል ይመስላል፦ ጫፉ ከሌላው ጋር ይገጥማል ወይ? ባልቲሞር ግን በዚህ ቀላል ጥያቄ ነደደች።

ነዳጅ ከባሕር በታች

ሁለተኛው ጥያቄ ጫፉ ይይዛል ወይ የሚለው ነው። ለዚህ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንሂድ። በጁን 1944 ፈረንሳይ የገባው የሕብረቱ ጦር ነዳጅ ያስፈልገዋል። እንግሊዞች ነዳጁን በባሕር ወለል ላይ በሚዘረጋ ቱቦ ለማድረስ አስቀድመው አቅደው ነበር። ዕቅዱ «ፕሉቶ» ይባላል። የአንግሎ ኢራኒያን የነዳጅ ኩባንያ ዋና መሐንዲስ አርተር ሃርትሊ ያቀረበው ሐሳብ እንዲህ ነበር፦ በባሕር ሥር የሚዘረጋውን ኬብል ውሰዱ፤ በመሃሉ ባለው ሽቦ ፋንታ ባዶ ቱቦ አድርጉለት፤ ከዚያ ነዳጅ ግፉበት።

የተሠራው ቱቦ እንደ ሽንኩርት ድርብርብ ነው። ከውስጥ የእርሳስ ቱቦ አለ፤ ሥራው ነዳጁን አለማስፈሰስ ነው። እርሳስ ግን ለስላሳ ስለሆነ በግፊት ያብጣል፤ ስለዚህ በብረት ጥብጣብ ይጠመጠማል። ከላዩ ደግሞ የብረት ሽቦዎች እንደ ገመድ ተጠምዝዘው ይለብሱታል፤ እነሱ የሚችሉት መጎተትን ነው። እያንዳንዱ ድርብ የራሱ ሥራ አለው።

አሁን ይህን ቱቦ በሐሳባችሁ በመጋዝ ቁረጡት። ጥብጣቡ ይላላል፣ ሽቦዎቹ ይበታተናሉ፣ እርሳሱ ብቻውን ይቀራል። መሃል ላይ ተደጋግፈው የነበሩት ሁሉ ጫፉ ላይ ድጋፋቸውን ያጣሉ። የመጋጠሚያው ሥራ እያንዳንዱን ድርብ ለየብቻ መያዝ ነው፦ እርሳሱን እንዳያፈስ ማሸግ፣ ሽቦዎቹን እንዳይሾልኩ መጨበጥ።

ጉልበቱስ ስንት ነው? እናስላው። የቱቦው የውስጥ ስፋት 7.6 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ይህም 45 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ይሰጣል። በ50 ባር ግፊት ነዳጁ ጫፉን ከቱቦው ለመንቀል የሚገፋበት ጉልበት የ2.3 ቶን ክብደት ያህል ይሆናል። ባሕሩ የሚጎትተው ገና አልተቆጠረም!

ከዋይት ደሴት እስከ ሼርቡር ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በኦገስት የተዘረጋው የመጀመሪያው ቱቦ በራሳቸው አጃቢ መርከብ መልሕቅ ተያዘና ተበላሸ። በሴፕቴምበር አንዱ ተሳክቶ ነዳጅ ማስተላለፍ ጀመረ። በኦክቶበር መጀመሪያ ግፊቱ ከፍ ሲደረግ ግን እሱም ተበላሸ። ያን ሁሉ ባሕር ያቋረጠውን ቱቦ የጣለው የአንድ መጋጠሚያ ጉድለት ነበር። ከዚያ በኋላ ሥራው ከደንጅነስ ወደ ቡሎኝ ወደሚሄደው አጭሩ መስመር ዞረ፤ እዚያም ተሳካ።

ሽቦውን መጨበጥ

ከጦርነቱ በኋላ ነዳጅ ፍለጋው ወደ ጥልቅ ባሕር ገባ። በፈረንሳይ የነዳጅ ተቋም የተጀመረውን የተጣጣፊ ቱቦ ጥናት ይዞ ኮፍሌክሲፕ የተባለው ኩባንያ በ1971 ተቋቋመ። የእርሳሱን ቦታ ፕላስቲክ ያዘ፤ የብረት ሽቦው ግን ቀረ። የውስጥ ስፋቱ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቱቦ 300 ባር ቢይዝ ጫፉን የሚገፋው ጉልበት ከ90 ቶን ያልፋል። የተንጠለጠለው ቱቦ ክብደት ደግሞ በላዩ ይጨመርበታል።

ይህን እንዴት ይያዙት? ሽቦዎቹ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ይታጠፋሉ፤ ውስጠኛው ፕላስቲክ በብረት ቀለበት ተጨምቆ ይታሸጋል፤ ከዚያ ሽቦዎቹ ወደ ቦታቸው ይመለሱና በብረቱ ቤት ውስጥ ኢፖክሲ ይፈስባቸዋል። ቤቱ ወደ ቱቦው በኩል የሚጠብ ነው። ቡሽን ወደ ጠርሙስ አንገት በገፋችሁት ቁጥር ይበልጥ እንደሚጠብቅ፣ ሽቦዎቹም በተጎተቱ ቁጥር የደረቀው ኢፖክሲ ወደ ጠባቡ በኩል ተገፍቶ ይበልጥ ይጨብጣቸዋል። ሊነቅለው የመጣው ጉልበት ራሱ ያጠብቀዋል ማለት ነው።

ይህም ነጻ አይደለም። ሽቦ በታጠፈና በተቃና ቁጥር በውስጡ ውጥረት ይቀራል። ማዕበሉ ቀን ከሌት ሲያወዛውዘው ስንጥቅ ሊጀምር የሚችለው እዚያ ነው።

ይቆያል ወይ?

ሦስተኛው ጥያቄ የጊዜ ነው። በ1990ዎቹ በሰሜን ባሕር አንዳንድ ቱቦዎች ውስጥ ያልታሰበ ነገር ታየ። ፕላስቲኩን ለማለስለስ የተጨመረው ንጥረ ነገር በትኩሱ ነዳጅ ቀስ በቀስ እየወጣ ሄደ፤ ፕላስቲኩም ተኮማተረ። ቱቦው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከጫፉ ማሸጊያ እየሾለከ ወጣ። የመጀመሪያ ቀን ፈተናውን ያለፈ ጫፍ ከዓመታት በኋላ ወደቀ።

ይገጥማል? ይይዛል? ይቆያል? ሦስቱም ጥያቄዎች ሰው ዋጋ ከፍሎ የተማራቸው ናቸው። ከእናንተ መካከል ነገ መሐንዲስ የሚሆን ካለ፣ ቱቦ ስትነድፉ መሃሉን ጨርሳችሁ «ጫፉን በኋላ እናስብበታለን» አትበሉ። ከጫፉ ጀምሩ።