የወፍራሙ ድምፅ ሽሚያ፦ ደብስቴፕ በኮርን አሥረኛ አልበም

የካሊፎርኒያው የሜታል ባንድ ኮርን እ.ኤ.አ. በ2010 ከቀድሞ ፕሮዲውሰሩ ከሮስ ሮቢንሰን ጋር ወደ ጥንት አጨዋወቱ የተመለሰበትን አልበም አወጣ። በዓመቱ ፊቱን አዞረ። በታኅሣሥ 2011 የወጣው «ዘ ፓዝ ኦፍ ቶታሊቲ» ከስክሪሌክስ፣ ከኤክሲዥን፣ ከዳትሲክ፣ ከኔዘርላንዶቹ ኖይዝያዎችና ከሌሎች የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃ ፕሮዲውሰሮች ጋር የተሠራ ነው። ባንዱ ሥሩን ከዳ አልከዳም የሚለው የአድናቂዎች ሙግት ለሙዚቃ ጥናት ብዙም አይፈይድም። የእኔ መከራከሪያ ሁለቱ ስልቶች በአልበሙ ውስጥ የተጋፉት ከመጠን በላይ ስለሚመሳሰሉ ነው የሚል ነው።

ደብስቴፕ በ2000ዎቹ መባቻ በደቡብ ለንደን፣ በክሮይደን አካባቢ የበቀለ ስልት ነው። ፍጥነቱ በደቂቃ ወደ 140 ምት ይጠጋል፤ ስኔር ድራሙ ግን ከአራቱ ምቶች በሦስተኛው ላይ ብቻ ስለሚያርፍ ጆሮ የሚቆጥረው የዚያን ግማሽ ነው። ኮርንም ከ1994ቱ የመጀመሪያ አልበሙ ጀምሮ ባለ ሰባት ክር ጊታሮችን ከተለመደው ቅኝት እጅግ አውርዶ በከባድ፣ በተጎተተ ምት ላይ ሲጫወት ኖሯል። ድምፃዊው ጆናታን ዴቪስ «ደብስቴፕ ሳይኖር እኛ ደብስቴፕ ነበርን» የሚል መንፈስ ያለው አስተያየት መስጠቱ የገበያ ወሬ ይመስላል፤ ስለ ምቱ ከሆነ ግን ከእውነት አልራቀም።

ችግሩ ያለው ምቱ በሚወለድበት ቦታ ነው። በሜታል ጊታሪስቱ መዳፉን ክሮቹ ላይ እየጣለና እያነሣ ድምፁን ይቆራርጣል፤ ምቱን የሚፈጥረው እጁ ነው። በደብስቴፕ ሲንተሳይዘሩ አንድ ኖታ ይዞ ይቆይና፣ ዝግ ያለ ሞገድ የድምፅ ማጣሪያውን እንደ በር ይከፍተዋል፣ ይዘጋዋል፤ ምቱ ከድምፅ ቀለም መለዋወጥ ይመነጫል። ስክሪሌክስ ያስፋፋው ዓይነት ጎርናና ቤዝ ደግሞ ከታች አይወሰንም፤ የተዛባ ጊታር ወደሚኖርበት መካከለኛው የድምፅ ክልል ይወጣል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሙሉ ጉልበታቸውን ካወጡ የሚሰማው ጭጋግ ነውና አንዱ መልቀቅ አለበት።

በአልበሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚለቀው ጊታሩ ነው። ድሮፑ፣ ማለትም ቤዙና ምቱ በሙሉ ጉልበት የሚገቡበት ክፍል፣ ሲመጣ የባንዱ ጊታሪስት የመንኪ ጊታር ወደ ኋላ ይሸሻል፤ በአዝማቹ ላይ ይመለሳል። ከሁሉ ይልቅ የተጎዳው የባንዱ ቤዚስት የፊልዲ ቤዝ ጊታር ነው። የኮርን መታወቂያ የነበረው ያ ብረት ለብረት የሚያንኳኳ ድምፅ እዚህ ተፈልጎም በቀላሉ አይገኝም። ዘፈኖቹን አንድ አድርጎ የያዘው የዴቪስ ድምፅ ነው፤ በማልቀስ ብዛት ለዓመታት ሲተች የኖረው ማለቴ ነው። የደብስቴፕ ፕሮዲውሰሮች የሰው ድምፅን ቆርጦ መበተን ያዘወትራሉ፤ እሱ ግን ሙሉ ስንኝና ሙሉ አዝማች ስለሚዘፍን «ናርሲሲስቲክ ካኒባል» በተባለው ዘፈን እንደሚሰማው ድሮፑ ለዘፈኑ ያገለግላል እንጂ አይውጠውም።

አልበሙ በቢልቦርድ 200 ሠንጠረዥ 10ኛ ሆኖ ገባ። በ2012 የዓመቱ ምርጥ አልበም ብሎ የሸለመው ደግሞ ሪቮልቨር፣ ያውም የሜታል መጽሔት፣ መሆኑ የክህደቱን ክስ ትንሽ ያስቃል። በ2005 ከባንዱ የወጣው ጊታሪስት ብራያን ዌልች በ2013ቱ «ዘ ፓራዳይም ሺፍት» ሲመለስ ኮርን እንደገና ባለ ሁለት ጊታር ባንድ ሆነ። ኤሌክትሮኒክሱ በዚያም አልጠፋም፤ በ«ኔቨር ኔቨር» ውስጥ ይሰማል። ወፍራሙን ድምፅ ግን ጊታሮቹ መልሰው ይዘውታል።