አንዲት ፊደል

ኮምቦልቻ ባንክ ቤት በተቀጠርኩበት ዓመት ወረቀት፣ ካርቦንና እስክሪብቶ እንዲላክልን በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጻፍኩ። አለቃዬ ሳይፈርም መለሰልኝና፣ «ልጄ፣ ያዘዝኸው እኮ ባለበት የቆመ ነገር ነው፤ እንዴት ተጭኖ ይመጣል?» አለኝ። «ስቴሽነሪ» በሚለው ቃል ውስጥ «ኢ» መሆን የነበረባትን ፊደል «ኤ» አድርጌያት ኖሯል። በ«ኢ» ሲጻፍ የጽሕፈት መሣሪያ፣ በ«ኤ» ሲጻፍ የማይንቀሳቀስ ማለት ነው፤ ሲነበቡ ግን አይለዩም።

ማታ ሐረጎን ሽቅብ ወደ ደሴ ስመለስ ኀፍረቱ አልለቀቀኝም። ቆይቼ ግን ሁለቱ ቃላት የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን ደረስኩበት። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ብዙው ቸርቻሪ ከገበያ ገበያ ይዞር ነበር። በዩኒቨርሲቲዎች አጠገብ የነበረው መጽሐፍ ሻጭ ግን ቋሚ ሱቅ ስለ ነበረው በላቲን «ስታሲዮናሪየስ»፣ ባለ ቋሚ ቦታ፣ ተባለ። የለንደን ጸሐፍትና መጽሐፍ ሻጮች እ.ኤ.አ. በ1403 ማኅበር መሠረቱ፤ በ1557 የንጉሣዊ ፈቃድ ሰነድ አገኙ። የሚሸጡት ወረቀትና ቀለምም በሻጩ ስም ተጠራ። ሰኞ ገበያ መጥቶ ማታውኑ የሚመለሰውን ሻጭና ፒያሳ ላይ ሱቁን ከፍቶ የሚውለውን ደብተር ሻጭ ለሚያውቅ የደሴ ሰው ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም።

የእኛም ፊደል እንዲህ ያለ ትዝታ አለው። በግእዝ «መሀረ» አስተማረ ነው፤ «መሐረ» ይቅር አለ ነው። ስለዚህም ትምህርት በሃሌታው «ሀ»፣ ምሕረት በሐመሩ «ሐ» ይጻፋሉ። የድምፁ ልዩነት ከአማርኛችን ጠፍቷል፤ ቁርኣን የሚቀራ የወሎ ሕፃን ግን ሁለቱን ድምፆች በዐረብኛ ዛሬም ለይቶ ያነባል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ካረፉ በኋላ በ1948 ዓ.ም. የታተመው የግእዝ መዝገበ ቃላታቸውም እንዲህ ያሉትን ቃላት በየፊደላቸው ለይቶ አኑሯቸዋል።

«አንዱ ሀ ይበቃናል» የሚሉ አሉ። ለገንዘብ ደረሰኝ ይበቃ ይሆናል። እኔ ግን ያቺን ደብዳቤ አስባታለሁ። አለቃዬ አልቀጣኝም፤ ቃሉን አስረድቶ እንደገና አስጻፈኝ። እንግዲህ «በዚያ ቀን ተማርኩ» ብል፣ ዕውቀት ማግኘቴን ነው ወይስ ይቅርታ ማግኘቴን አንባቢ በምን ይለያል? «ተማርኩ» ውስጥ ሁለቱም ፊደላት ተውጠው ቀርተዋል። እኔ ሁለቱንም አግኝቻለሁ፤ ለይተው የሚመሰክሩልኝ ግን «ትምህርት» እና «ምሕረት» ውስጥ የተረፉት እነዚያ ሁለት ፊደላት ብቻ ናቸው።