ንጉሥ የማይዞርበት አደባባይ

ካምፓላ ውስጥ ከሉቢሪ፣ ከቡጋንዳ ነገሥታት ቤተ መንግሥት፣ ተነስቶ ምክር ቤቱ ወደሚሰበሰብበት ወደ ቡላንጌ የሚወስደው ጎዳና አንድ ማይል ያህል ቀጥ ብሎ ይዘረጋል። መሐል ላይ አደባባይ አለ። ታክሲው፣ ቦዳ ቦዳ የሚባለው የሞተር ብስክሌት ታክሲ፣ ማቶኬ (የሚበስል ሙዝ) የጫነው ብስክሌት፣ ሁሉም እንደ ደንቡ ዞሮ ያልፋል። አደባባዩን ግን ለሁለት የሚከፍል አጭር መንገድ አለ፤ በርም ተበጅቶለታል። ይህ በር የሚከፈተው ለካባካው ብቻ ነው። የቡጋንዳ ንጉሥ ከቤተ መንግሥቱ ወደ ምክር ቤቱ ሲሄድ አይዞርም፤ ቀጥ ብሎ ያልፋል።

ንጉሥ ራሱ የታጣባቸው ዓመታትም ነበሩ። በሜይ 24 ቀን 1966 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) የፕሬዝዳንት ሚልተን ኦቦቴ ጦር በኢዲ አሚን መሪነት ሉቢሪን ደበደበ። ካባካ ሙቴሳ ሁለተኛ አምልጠው ለንደን ገቡ፤ በ1969 እዚያው አረፉ። በ1967 የወጣው ሕገ መንግሥት የኡጋንዳን ነገሥታት ከነዙፋናቸው ሻረ። ልጃቸው ሮናልድ ሙቴቢ ዘውድ የጫኑት በጁላይ 31 ቀን 1993 ነው።

በዚህ በር ቅር የሚሰኝ ሰው ብዙ ያለ አይመስለኝም። ንጉሡ ቀጥ ብለው ስላለፉ ዞሮ የሚሄደው ሰው የሚያጣው ነገር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በሩ አይሸጥም፣ አይከራይም፣ በአማላጅም አይከፈትም። የካምፓላን ሰው ደም የሚያፈላው ሌላ መንገድ ነው፤ ወደ እንቴቤ የሚወስደው።

እንግሊዞች ኡጋንዳን ሲገዙ ቢሯቸውን ከቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር፣ እንቴቤ ላይ ሠሩ። ካባካው ሜንጎ በሚገኘው ቤተ መንግሥቱ፣ የእንግሊዙ ገዢ እንቴቤ፣ በመካከላቸው ወደ አርባ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ። በ1907 ወጣቱ ዊንስተን ቸርችል ይህንን መንገድ የሄደው ሪክሾ ላይ ተቀምጦ፣ ሰዎች እየጎተቱና እየገፉት ነበር። በኖቬምበር 1953 የእንግሊዝ ገዢ ካባካ ሙቴሳን አስይዞ ወደ ለንደን በግዞት ሲልክ ጉዞው በእንቴቤ አየር ማረፊያ ነበር። በኦክቶበር 17 ቀን 1955 ሲመለሱም የገቡት በዚያው ነው፤ ሕዝቡም መንገዱን ግራና ቀኝ ሞልቶ ጠበቃቸው። እንቴቤ መንገድ ላይ በደስታ ቆሞ ከተጠበቀባቸው ጥቂት ቀኖች አንዱ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ሉቢሪን ያስደበደበው አሚን ራሱ አገር የሚገዛበት ዘመን መጣ። በ1972 እስያውያን በዘጠና ቀን ውስጥ አገር ለቀው እንዲወጡ ታዘዙ፤ ሱቅና ፋብሪካቸው ለወታደርና ለባለሟል ተከፋፈለ። ነጋዴው ሲጠፋ ዕቃው ጠፋ። ለስኳር፣ ለጨው፣ ለሳሙና ሰልፍ ሆነ። ከባለሥልጣን የተጻፈች ቁራጭ ወረቀት የያዘ ግን ዕቃውን በመንግሥት ዋጋ አውጥቶ፣ ለተሰላፊው በማጌንዶ (በጥቁር ገበያ) ዋጋ መልሶ ይሸጥለታል። በደርግ ጊዜ ቀበሌ ሱቅ በር ላይ ተሰልፎ ላደገ የአዲስ አበባ ሰው ይህ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የዚያን ዘመን መንፈስ ከሁሉም በላይ የተረዱት እስራኤላውያን ይመስሉኛል። በጁን 27 ቀን 1976 ከአቴንስ የተነሳ የኤር ፍራንስ አውሮፕላን ተጠልፎ በማግስቱ እንቴቤ አረፈ፤ ታጋቾቹ አሮጌው ተርሚናል ውስጥ ተዘጉ። በጁላይ 3 ሌሊት የእስራኤል ኮማንዶዎች በጦር ማመላለሻ አውሮፕላኖች ሲደርሱ፣ ከመጀመሪያው አውሮፕላን ሆድ የወጣው ታንክ አልነበረም። ጥቁር መርሴዲስ ነበር፤ ላንድ ሮቨሮች ተከትለውታል። የፕሬዝዳንቱ አጀብ መስለው፣ መብራት አብርተው፣ ሳይቸኩሉ ወደ ተርሚናሉ ነዱ። ስሌታቸው ቀላል ነበር፤ በአሚን ኡጋንዳ መርሴዲስና አጀብ ያየ ዘበኛ አያስቆምም፣ ወረቀት አይጠይቅም። አሚን ራሱ ከሞሪሺየስ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ የተመለሰው ገና በዚያው ዕለት ስለነበር ነገሩ ይበልጥ ያሳምን ነበር።

ሆኖም ሁለት ዘበኞች አስቆሙት። ተኩሱም ከታሰበው ቀድሞ ተጀመረ። ኮማንዶዎቹ 102 ታጋቾችን ይዘው ወጡ፤ አዛዡ ዮናታን ኔታንያሁ ሞተ። ታምማ ሙላጎ ሆስፒታል ገብታ የነበረችው አረጋዊቷ ታጋች ዶራ ብሎክ በአሚን ሰዎች ተገደለች። ወታደራዊ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች መርሴዲሱን እንደ ብልሃት ይቆጥሩታል። እኔ እንደ ምስክርነት አየዋለሁ፤ አንድ አገር ውስጥ ማን ሳይጠየቅ እንደሚያልፍ ጠላት እንኳ ከሩቅ ሆኖ ያውቅ ነበር።

አሚን በ1979 ወደቀ፤ አጀብ ግን አልወደቀም። ዛሬም ሳይረን የሚያሰማ መኪና ከኋላ ሲመጣ የካምፓላ ሹፌር ወደ ዳር ይጠጋል። በኖቬምበር 2007 የኮመንዌልዝ መሪዎች ጉባኤ ሲካሄድ፣ ንግሥት ኤልሳቤጥም ስለሚመጡ፣ መንገዶች ታደሱ፣ ሆቴሎች ተሠሩ። እንግዶቹ ሄዱ፤ መኪናው እየበዛ መጣ። ከኪቡዬ እስከ ናጃናንኩምቢ፣ ከዚያም እስከ ካጃንሲ ያለው መጨናነቅ ስንት ሰው በረራ እንዳስመለጠ ካባላጋላ ሰፈር ያሉ ሐበሾችን መጠየቅ ነው፤ ዘመድ ለመቀበልም ሆነ ለመሸኘት ያንን መንገድ ይመላለሱበታል።

መፍትሔው በጁን 2018 ተመረቀ፤ የካምፓላ እንቴቤ ፈጣን መንገድ። ወደ ሙንዮንዮ የሚገነጠለውን ጨምሮ 51 ኪሎ ሜትር ነው። የቻይና ኩባንያ ሠራው፤ ከ476 ሚሊዮን ዶላር ወጪው 350 ሚሊዮኑ ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተበደሩት ነው። ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ በነጻ ከተነዳበት በኋላ፣ ከጃንዋሪ 8 ቀን 2022 ጀምሮ ክፍያ ተጣለበት። ለቤት መኪና 5,000 ሽልንግ ነው፤ በወቅቱ ምንዛሪ አንድ ዶላር ተኩል አይሞላም። የጦሩና የፖሊሱ መኪና፣ አምቡላንሱ፣ የፕሬዝዳንቱ አጀብ አይከፍሉም። አዳማ የሚመላለስ አንባቢ ሥርዓቱን ያውቀዋል፤ ከፋዩ በአዲሱ፣ የማይከፍለው በአሮጌው።

ከፍሎ ሰልፍ ማለፍ በሌላው ዓለም በመዝናኛ ፓርክም ይታያል። ዲዝኒላንድ ካሊፎርኒያ ላይ የተከፈተው በጁላይ 1955፣ ካባካ ሙቴሳ ከስደት ሊመለሱ ሦስት ወር ሲቀራቸው ነበር። ኩባንያው በ1999 ፋስትፓስ የተባለ ወረቀት አመጣ፤ የመግቢያ ትኬት ያለው ሁሉ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሰዓቱን አስመዝግቦ በአጭሩ ሰልፍ ይገባ ነበር። በ2021 ነጻው ቀረና በገንዘብ ሆነ። በ2024 የወጣው ከፍተኛው ማለፊያ በአንዳንድ ቀን ለአንድ ሰው ከ400 ዶላር ያልፋል። የዚህ ንግድ ምስጢር ዕቃው ራሱ ሰልፉ መሆኑ ነው። የሌላው ሰልፍ ካጠረ ማለፊያውን ማን ይገዛል?

የእንቴቤው ክፍያ ከሳይረኑ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ዋጋው ሰሌዳ ላይ ተጽፏል፤ ሚኒስትር የማያውቅ ሰውም ይከፍልና ያልፋል፤ ከፋዩ ከአሮጌው መንገድ ስለሚወጣ እዚያ የቀረውን እንኳ ትንሽ ያቀልለታል። ዲዝኒ ውስጥ ግን ከፋዩ የሚገባው የቆመውን ሰው ቀድሞ፣ በዚያው መጫወቻ ላይ ነው። ዋናው ልዩነት ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። የዲዝኒን ፓርክ የሠራው የግል ገንዘብ ነው። የእንቴቤውን ብድር የሚመልሰው መንገዱን ጨርሶ የማይረግጠው ገበሬና የመንደር ቸርቻሪ ጭምር ነው፤ ክፍያው ለዕዳው ቢውልም፣ ዋስ የሆነው አገሩ በሙሉ ነው።

መኪና የሌለው የካምፓላ ሰው ደግሞ የራሱ ማለፊያ አለው። ሰዓት ሲያልፍበት ከታክሲው ይወርድና ቦዳ ቦዳ ይጠራል፤ ከሾፌሩ ጋር በዋጋ ይከራከራል፤ ከዚያ በቆሙት መኪኖች መካከል፣ አንዳንዴም በእግረኛ መንገድ ላይ፣ እየተሽሎከለኩ ይሄዳሉ። አደጋው ብዙ ነው፤ ፍጥነቱ ግን አይካድም። ፈጣኑ መንገድ ላይ ይህ አይሠራም። የክፍያ ሰሌዳው ለሞተር ብስክሌትም 3,000 ሽልንግ የሚል መደብ አለው፤ የሚያስተናግደው ግን ሞተራቸው ከ400 ሲሲ በላይ የሆኑትን ነው። የቦዳ ቦዳው ሞተር የዚያን ግማሽ እንኳ አይደርስም።