የሠራተኛው ሐሳብና የአሠሪው ድርሻ

አንድ ሠራተኛ እጁ በመኪና ተቈርጦ ደሙ ሲፈስ ያየ አለቃ፣ ልቡ የቱንም ያህል የደነደነ ቢሆን፣ «ሥራህን ቀጥል» አይለውም። ሐኪም ይጠራል፤ ቁስሉም እስኪድን ዕረፍት ይሰጠዋል። ነገር ግን ያው ሠራተኛ ሌሊቱን እንቅልፍ አጥቶ እያደረ፣ ቀን ደግሞ አንዱን ወረቀት አሥር ጊዜ አንሥቶ አሥር ጊዜ ሲያስቀምጥ፣ ከባልንጀሮቹም ተለይቶ ሲተክዝ ቢታይ፣ «ሰነፈ» ወይም «ጠባዩ ተበላሸ» ይባላል እንጂ ታመመ የሚለው ጥቂት ነው። ቋንቋችን ለእንዲህ ያለው ሰው «ሐሳብ ገባው» የሚል አነጋገር አለው። ሐሳቡ ከወዴት እንደ ገባ ግን ብዙ ጊዜ አይጠየቅም። ከቤቱ ነውን? ከገዛ ራሱ ነውን? ወይስ ከተሸከመው ሥራ?

አሠሪዎች ይህን ጥያቄ ከመቼ ጀምሮ እንደ ጠየቁና ምን መልስ እንደ ሰጡበት በዚህ ጽሑፍ ጥቂት ልንመለከት እንወዳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት የአገራችን መሆናቸውን ካላመለከትን በቀር በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ከስኮትላንድ እንጀምር። ሮበርት ኦወን በ1800 ዓ.ም. በክላይድ ወንዝ ዳር የሚገኘውን የኒው ላናርክ የጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ለማስተዳደር ተረከበ። በመንደሩ ወደ 2,000 የሚጠጋ ሕዝብ ይኖር ነበር፤ ከነዚህም ውስጥ 500 ያህሉ ከኤዲንብራና ከግላስጎው የድኾች መጠለያዎች የመጡ ሕፃናት ነበሩ። ኦወን ለዘመኑ ባለፋብሪካዎች በጻፈው ጽሑፍ፣ ግዑዙን መኪና ማጽዳትና መጠገን ትርፍ እንደሚሰጥ ካወቃችሁ፣ ይልቁንም እጅግ የረቀቀውን ሕያው ፍጥረት ብትንከባከቡት ምን ያህል ትጠቀሙ ነበር የሚል አሳብ አቅርቦላቸዋል። አሜሪካ ጥጥ ወደ ውጭ እንዳይወጣ በከለከለች ጊዜ መኪናዎቹን አቁሞ ለአራት ወር ሙሉ ደመወዝ ከፍሏል። ዱላን አስቀርቶ በምትኩ በየሠራተኛው አጠገብ ባለ አራት ቀለም ትንሽ እንጨት አንጠለጠለ፤ ጥቁሩ ገጽ ወደ ፊት ከዞረ ሠራተኛው ትናንት ክፉ መዋሉን፣ ነጩ ከዞረ እጅግ መልካም መዋሉን ያመለክት ነበር። አለቃው በደለኝ የሚልም ለራሱ ለኦወን አቤት ማለት ይችል ነበር። ከዱላ እንጨት እንደሚሻል ማንም አይክድም፤ ይሁን እንጂ የትናንት ጥፋቱ ቀኑን ሙሉ በዓይኑ ፊት ተንጠልጥሎ የሚሠራ ሰው ምን እንደሚሰማው ስናስብ፣ ደጉ አሠሪ ራሱ ሳያውቀው የጫነው ሸክም እንዳለ እናስተውላለን።

ከኦወን በኋላ ነገሩ ለመቶ ዓመት ያህል ብዙም አልተራመደም። መልሶ የቀሰቀሰው ጦርነት ነው። በ1915 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት የጥይትና የመድፍ ፋብሪካዎች ሌት ተቀን እየሠሩ፣ እሑድም ሳይቀር ሳያርፉ፣ የተፈለገውን ያህል ሊያመርቱ ባለመቻላቸው፣ የሠራተኞቹን ጤና የሚመረምር ኮሚቴ በሰር ጆርጅ ኒውማን ሰብሳቢነት አቋቋመ። የኮሚቴው የመጀመሪያ ማስታወሻ የተጻፈው ስለ እሑድ ሥራ ነበር። መርማሪዎቹ ሰዓቱንና ምርቱን ጐን ለጐን መዝግበው ሲያስተያዩ፣ የሥራው ሰዓት ሲቀነስ ምርቱ በመቀነስ ፈንታ የሚጨምርበት ጊዜ መኖሩን አገኙ። ከመቶ ዓመት በኋላ ጆን ፔንካቭል የተባሉ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ ሊቅ ያንኑ አሮጌ መዝገብ እንደገና አስልተው፣ በሳምንት 70 ሰዓት የሠራው ሠራተኛ 56 ሰዓት ከሠራው እምብዛም የበለጠ እንዳላመረተ አስረድተዋል። ከ49 ሰዓት በላይ ያለው እያንዳንዱ ሰዓት የሚያስገኘው ፍሬ እያነሰ ይሄድ ነበር።

ጦርነቱ ሌላም ነገር አስተማረ። ቻርልስ ማየርስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1915 ዓ.ም. በመድፍ ፍንዳታ ሰውነታቸው ሳይቈስል አእምሮአቸው ስለ ታወከ ወታደሮች በላንሴት መጽሔት ጻፈ። እስከዚያ ድረስ እንዲህ ያለው ወታደር ፈሪ ይባል ነበር። ማየርስ ከጦርነቱ በኋላ የካምብሪጅ የማስተማር ሥራውን ትቶ፣ በ1921 ዓ.ም. ከአንድ ነጋዴ ጋር ሆኖ ያቋቋመውን የኢንዱስትሪ የሥነ ልቡና ተቋም መምራት ያዘ። ከአውስትራሊያ የመጣው ኤልተን ሜዮም እንዲሁ ከጦርነት በተመለሱ የአእምሮ ቁስለኞች ዘንድ ከሠራ በኋላ ነው ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በሃርቫርድ ያስተማረው። ጦር ሜዳ ሰው ከልኩ በላይ ሲጫን አእምሮው እንደሚሰበር አሳይቷል፤ እነዚህም ሰዎች ያንኑ ዕውቀት ወደ ፋብሪካ ይዘው ገቡ።

አሁን በቺካጎ አጠገብ ወደነበረው ወደ ሆቶርን ፋብሪካ እንሂድ፤ ከታሪኩ ሁሉ ጥቂት ቆም ብለን ልናየው የሚገባን ይህ ነው። ፋብሪካው የዌስተርን ኤሌክትሪክ ኩባንያ ሲሆን የስልክ መሣሪያ ይሠራበት ነበር። በ1927 ዓ.ም. ሪሌ የሚባለውን የስልክ ዕቃ የሚገጣጥሙ አምስት ሴቶች፣ ዕቃ ከምታቀብላቸው ከስድስተኛዋ ጋር፣ ከብዙኃኑ ተለይተው በአንዲት ትንሽ ክፍል ተቀመጡ። አንዱ ሪሌ 35 ያህል ክፍሎች ነበሩት፤ እጀ ቀልጣፋ ሠራተኛ በአንድ ደቂቃ ገደማ ገጣጥማ ትጨርሰዋለች። አጥኚዎቹ መጀመሪያ አምስት አምስት ደቂቃ፣ ቀጥሎም አሥር አሥር ደቂቃ ዕረፍት ሰጧቸው፤ ማለዳ ላይ ምግብ አቀረቡላቸው፤ የመውጫ ሰዓታቸውንም አሳጠሩ። እያንዳንዷ በሳምንት 2,400 ያህል ትገጣጥም የነበረችው ውሎ አድሮ ወደ 3,000 ደረሰች።

ሜዮና ተከታዮቹ ከዚህ ያወጡት ትምህርት፣ ምርቱን ያሳደገው ዕረፍቱ ወይም ምግቡ ሳይሆን፣ ሴቶቹ ሰው አየን፣ ሰው አሳባችንን ጠየቀን ማለታቸው ነው የሚል ነበር። ይህም ትምህርት ዓለምን ዞረ፤ በአስተዳደር ትምህርት ቤቶችም እንደ ሃይማኖት ሲነገር ኖረ። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነገሩ የሚታለፉ ሁለት ነገሮችን እናክላለን። አንደኛ፣ የክፍሏ ሠራተኞች የሚከፈላቸው ከዚያ በፊት እንደነበረው ከብዙ ሰው ጋር ተደምሮ ሳይሆን በራሳቸው በትንሹ ቡድን ምርት ልክ ሆኖ ነበር። ሁለተኛ፣ በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ከአምስቱ ሁለቱ ወሬ ያበዛሉ፣ አይታዘዙም ተብለው ከክፍሏ ወጥተው ሌሎች ተተክተዋል። ስለዚህ በደግነቷ ስሟ የገነነው ክፍል ገንዘብም ቅጣትም ያልተለያት ክፍል ነበረች።

ኩባንያው በዚህ አላበቃም። ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ ጠያቂዎች አሠልጥኖ ከ20,000 የሚበልጡ ሠራተኞችን አነጋገረ። መጀመሪያ የተጻፈ ጥያቄ ይዘው ይቀርቡ ነበር፤ ሠራተኛው ግን ስለ መብራት ቢጠይቁት ስለ አለቃው፣ ስለ ደመወዝ ቢጠይቁት ስለ ታመመች እናቱ መናገር አበዛ። ስለዚህ ጥያቄውን ትተው ዝም ብለው ማዳመጥ ያዙ። የሰውን ብሶት ሳያቋርጡ፣ ሳይመክሩና ሳይፈርዱ መስማት ትልቅ ጥበብ ነው፤ ይህን ጥበብ በፋብሪካ ውስጥ በሥርዓት በመፈጸም የሆቶርን ሰዎች ከቀዳሚዎቹ ተርታ ናቸውና ሊመሰገኑ ይገባል። የሰሙትንም ስም ጠርተው ለአለቃ አያሳልፉም ነበር፤ ይህ ሕግ ባይኖር ኖሮ የሆዱን አውጥቶ የሚነግራቸው ባልተገኘም ነበር።

ዳሩ ግን እነርሱ ራሳቸው በደስታ የጻፉት አንድ ታሪክ ለእኛ ሥጋት ሆኖ ይታየናል። አንዲት ሠራተኛ ስለ ፋብሪካው ምግብ ቤት ለጠያቂው አምርራ ትነግረዋለች። ከጥቂት ቀን በኋላ ባገኘችው ጊዜ፣ ምግቡ ስለ ተሻሻለ አመሰገነችው። ነገር ግን በምግቡ ላይ የተደረገ ለውጥ አልነበረም። እንዲሁም አንዲት ሌላ ሠራተኛ ከአለቃዋ ጋር ያልተስማማችው የምትጠላውን የእንጀራ አባቷን ስለሚመስላት መሆኑን ስትናገር እንደ ተረዳች ሜዮ ጽፏል። የሁለቱም ታሪክ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አሠሪ እንዲህ ያለውን ሲሰማ ወዴት እንደሚያዘነብል እናውቃለን፤ ወጡን ከማጣፈጥ ሰሚ መቅጠር፣ አለቃውን ከመምከር የሠራተኛዋን የእንጀራ አባት መመርመር ይቀለዋል።

በ1936 ዓ.ም. ይህ የማዳመጥ ሥራ ቋሚ የምክር አገልግሎት ሆነ። መካሪዎቹ በየመኪናው መካከል እየተዘዋወሩ ሠራተኛውን ያነጋግራሉ፤ በሰሙት አቤቱታ ላይ አንዳች የማድረግ ሥልጣን ግን አልነበራቸውም። ይህን ሥልጣን ያጡት በስሕተት ሳይሆን በደንብ ነው። አገልግሎቱ ወደ 20 ዓመት ገደማ ከቆየ በኋላ በ1950ዎቹ አጋማሽ ቀረ። ሎረን ባሪትዝ የተባለው አሜሪካዊ የታሪክ ጸሐፊ በ1960 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ለኩባንያዎች ሎሌ ሆነዋል ብሎ ክፉኛ ነቅፏል። ነቀፌታው ጥቂት ቢበረታም መሠረት የለውም ማለት አይቻልም።

በሃያኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነገሩ ከፋብሪካ ሊቃውንት እጅ ወጥቶ ወደ ዳኞች ፊት ቀረበ። በጃፓን ዴንትሱ በተባለ ታላቅ የማስታወቂያ ኩባንያ የተቀጠረ የ24 ዓመት ወጣት፣ ሌሊት ከ8 ሰዓት በኋላ፣ አንዳንድ ጊዜም ነግቶ ወደ ቤቱ እየተመለሰ ሲሠራ ቆይቶ በ1991 ዓ.ም. ራሱን ገደለ። ወላጆቹ ከሰሱ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፣ ወጣቱ ሥራን ከልክ በላይ ከልቡ የሚይዝ ጠባይ ነበረውና ለጉዳቱ የራሱም አስተዋጽኦ አለበት በማለት ካሣውን ቀነሰው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በመጋቢት 2000 ዓ.ም. ይህን አልተቀበለም፤ የሠራተኛ ጠባይ ሰው ሁሉ ከሚለያይበት ልክ እስካልወጣ ድረስ ለካሣ መቀነሻ ሊሆን አይገባም፣ ድካምና የመንፈስ ጭነት ከልክ አልፎ ጤናውን እንዳይጐዳ የመጠበቅ ግዴታም የአሠሪው ነው አለ። በሆቶርን ስለ እንጀራ አባት የተነገረውን ያስታወሰ አንባቢ የሁለቱን አስተሳሰብ ርቀት ያያል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በጃፓን 50 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት መሥሪያ ቤት ሁሉ የሠራተኞቹን የመንፈስ ጭነት በየዓመቱ እንዲያስመረምር ሕግ ያስገድደዋል፤ የአንዱን ሠራተኛ ውጤት ግን ያለ ፈቃዱ አሠሪው ሊያይ አይችልም።

የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ዓ.ም. ስለ አእምሮ ጤና በሥራ ቦታ ባወጣው መመሪያ፣ ሠራተኛውን ከመምከር ጋር የሥራውን አደረጃጀት ማስተካከልንና የአለቆችን ሥልጠና አብሮ አስቀምጧል። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 (በኢትዮጵያ አቈጣጠር 2011) መደበኛውን ሥራ በሳምንት ከ48 ሰዓት፣ ትርፍ ሰዓትንም በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል። ሁለቱ ሲደመሩ 60 ይሆናሉ፤ በጥይት ፋብሪካዎቹ መዝገብ ፍሬው መቀነስ የጀመረበትን ሰዓት አልፎ መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።

የዚህ መጽሔት አንባብያን አብዛኞቹ ከመኪና ይልቅ ከወረቀት ጋር የምንውል ስለሆንን፣ የጃፓኑ ፍርድ ከመሰጠቱ ስድስት ዓመት አስቀድሞ በእንግሊዝ አገር የተፈረደውን የአንድ መሥሪያ ቤት ነገር ሳናነሣ አናልፍም። በኖርዘምበርላንድ አውራጃ ምክር ቤት ሥር የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍልን የሚመራ አንድ ሹም ነበር። በክፍሉ ሥር ያለው ሕዝብ እየበዛ፣ በሕፃናት ላይ የሚፈጸመውም በደል እየተደራረበ ሲመጣ፣ ክፍሉ ለሁለት እንዲከፈልለትና ሰው እንዲጨመርለት ደጋግሞ ለበላዮቹ አመለከተ። አልተፈቀደለትም። በኅዳር 1986 ዓ.ም. አእምሮው ታወከ፤ ሦስት ወር ከታከመ በኋላ በመጋቢት ወር ተመለሰ። ሲመለስ ረዳት እንደሚሰጠው ተነግሮት ነበር፤ ረዳቱ ግን ወር ሳይሞላው ወደ ሌላ ሥራ ተወሰደ። በሌለበት ጊዜ የተጠራቀመው ጉዳይ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ይጠብቀው ነበር። በመስከረም እንደገና ወደቀ፤ በየካቲት 1988 ዓ.ም. በጤና ምክንያት ከሥራ ተሰናበተ።

ዳኛው በ1994 ዓ.ም. ፍርዱን ሲሰጡ ሁለቱን ሕመሞች ለያይተው አዩ። የመጀመሪያውን መሥሪያ ቤቱ አስቀድሞ ሊያውቅ ይችል ነበር ለማለት አልደፈሩም። ለሁለተኛው ግን ተጠያቂ አደረጉት፤ ሰውዬው አንድ ጊዜ ወድቆ እያዩ፣ በወደቀበት ሸክም ሥር ያለ ረዳት መልሰው አስቀምጠውታልና። ምክር ቤቱ በ1996 ዓ.ም. 175,000 ፓውንድ ከፍሎ ታረቀ።