የስፌት መኪናና የሰው እጅ ታሪክ

አዲስ መሣሪያ በተፈለሰፈ ቍጥር ሰዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንዱ ወገን «ከእንግዲህ ወዲህ ድካም ቀረልን» ብሎ ደስ ሲለው፥ ሌላው «እንጀራዬን ተነጠቅሁ» ብሎ ያዝናል። የልብስ ስፌት መኪና ታሪክ ሁለቱም ወገኖች ከእውነት ድርሻ እንዳላቸው፥ ነገር ግን አንዳቸውም እውነቱን በሙሉ እንዳልያዙ ያስረዳናል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በመኪና ስለ መስፋት አስቀድመው ካሰቡት ሰዎች አንዱ ቶማስ ሴይንት የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን፥ በ1790 የቆዳ መስፊያ መኪና ንድፍ አውጥቶ የፈጠራ መብቱን አስመዝግቦ ነበር። ከ40 ዓመት በኋላ፥ በ1830፥ ባርተለሚ ቲሞኒዬ የተባለ ፈረንሳዊ ልብስ ሰፊ እርሱም በበኩሉ መኪና ሠርቶ መብቱን አስከበረ። ወዲያውም በፓሪስ ከተማ 80 ያህል መኪናዎች ተተክለው የወታደር ልብስ ይሰፉ ጀመር። በ1831 ግን የከተማው ልብስ ሰፊዎች ሥራ ሊያሳጣን ነው ብለው በአንድነት ተነሥተው መኪናዎቹን ሰባበሩአቸው። ቲሞኒዬም በ1857 በድህነት ሞተ። እነዚያን ልብስ ሰፊዎች አላዋቂዎች ነበሩ ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ቤተ ሰባቸውን የሚያስተዳድሩት በመርፌና በክር ብቻ እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም።

ነገሩ ግን በዚህ አልቆመም። በአሜሪካ ኤልያስ ሃው ቀዳዳዋ በጫፏ የሆነ መርፌ ያላት፥ የላይኛውንና የታችኛውን ክር እያቆላለፈች የምትሰፋ መኪና ሠርቶ በ1846 መብቱን አስመዘገበ። በ1851 ይስሐቅ ሲንገር መርፌዋ ቀጥ ብላ ወደ ላይና ወደ ታች የምትመላለስ መኪና አወጣ። በ1854 ደግሞ አለን ዊልሰን ከመርፌው በታች ትንንሽ ጥርሶችን አበጀ። እነዚህም ጥርሶች ብቅ ይላሉ፥ ጨርቁን ወደ ፊት ይገፋሉ፥ ዝቅ ይላሉ፥ ተመልሰው ወደ ቦታቸው ይመጣሉ። በዚህም ጨርቁን የማስኬድና የስፌቱን ርዝመት የመለካት ሥራ ከሰው እጅ ወጥቶ ለመኪናው ተሰጠ ማለት ነው። የሲንገር ኩባንያም ከ1856 ጀምሮ መኪናውን በየጊዜው በሚከፈል ገንዘብ መሸጥ ስለ ጀመረ፥ መኪናው ወደ ብዙ ቤቶች ገባ።

በነዚያ ቤቶች ይሠራ ከነበረው አንዱ ክዊልት የሚባለው ድርብ ልብስ ነው። ይኸውም በሁለት ጨርቆች መካከል ጥጥ ወይም ሱፍ ተነጥፎ፥ ሦስቱ እንዳይንሸራተቱ በስፌት የሚያያዙበት ሲሆን፥ ስፌቱ ራሱ ጌጥ ይሆናል። በ1837 በጆርጂያ በባርነት የተወለደችው ሐሪየት ፓወርስ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በጨርቅ ሥዕል የገለጠችበትን ክዊልት በ1886 ለሕዝብ አሳየች። አንዲት የሥዕል መምህርት ልትገዛት ብትጠይቃትም እንቢ አለች፤ ኋላ ግን ችግር ስለ ጸናባት በ5 ዶላር ሸጠችላት። ከሸጠችውም በኋላ ልታየው ትመላለስ ነበር። ዛሬ ይህ ክዊልት በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን ቤተ መዘክር ይገኛል፤ ሲመረመርም የእጅ ስፌትና የመኪና ስፌት ጐን ለጐን ይታዩበታል።

ይሁን እንጂ የዊልሰን ጥርሶች ጨርቁን የሚያስኬዱት በአንድ አቅጣጫ ነው። ቅጠልና አበባ፥ ክብና ጠመዝማዛ መስመር ለመስፋት የፈለገ ሰው ከባዱን ክዊልት በየጊዜው ማዞር ግድ ሆነበት። መፍትሔውም ጥርሶቹን ዝቅ ማድረግ ወይም መሸፈን ሆነ። በዚያን ጊዜ ጨርቁ ነጻ ይሆናል፤ በሁለት እጅ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ወደ ጐንም ይነዳል። ይህን ነጻ ስፌት ልንለው እንችላለን።

ነጻነቱ ግን ያለ ዋጋ አይገኝም። ስፌቱን የሚለካ ጥርስ የለምና፥ እጅ ሲፈጥንና መኪናው ሲዘገይ ስፌቱ ይረዝማል፤ እጅ ሲዘገይና መኪናው ሲፈጥን ክሩ በአንድ ቦታ ይከማቻል። ስለዚህ ጀማሪ አስቀድሞ ሥዕሉን በእርሳስ ደጋግሞ በወረቀት ላይ ይሥላል፤ ቀጥሎ ጥጥ በተነጠፈባቸው ቍርጥራጭ ጨርቆች ላይ ይለማመዳል። መስፋት ሲጀምር የታችኛውን ክር ወደ ላይ ያወጣል፤ ዓይኑንም በመርፌው ላይ ሳይሆን በሚሄድበት መንገድ ላይ ያሳርፋል። ትልቁን ክዊልት ከመካከል ጀምሮ ወደ ዳር ይሰፋል። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን የሚለመድ አይደለም።

በ1989 በኬንታኪ ግዛት በፓዱካ ከተማ በተደረገው ታላቅ የክዊልት ውድድር ካሪል ብራየር ፋለርት በመኪና በሰፋችው ሥራ የበላይ ሽልማቱን አገኘች፤ በመኪና የተሰፋ ሥራ በዚያ ውድድር ይህን ሽልማት ሲያገኝ የመጀመሪያው ነበር። ብዙዎች የመኪና ሥራ የእጅ ጥበብ አይባልም ብለው ተቃወሙ። የፓሪስ ልብስ ሰፊዎች ከተነሡ 158 ዓመት ቢያልፍም ክርክሩ አልሞተም ነበር።

በአገራችንም የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ በመኪና የሚሠሩ ባለሙያዎች ጨርቁን ወጥረው በመርፌው ሥር በእጃቸው ሲመሩት እናያለን። መኪናው ለሁሉ አንድ ዓይነት ሲሆን፥ ጥልፉ ግን የአንዱ ከሌላው ይለያል፤ ልዩነቱም የእጁ ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፥ ትምህርታችንን ፈጽመን ወደ ሥራ ስንሰማራ ብዙ መኪናዎች ይጠብቁናል። መኪና የብዙ ሰዎችን እንጀራ እንደ ነጠቀ ታሪክ ይመሰክራልና፥ የሚጐዱትን ማሰብ የእኛም ዕዳ ነው። ነገር ግን መኪናው መጣ ብለን እጃችንን ሥራ ከማስተማር አንቦዝን፤ የእጅ ሥራ የሚያውቁትንም ወላጆቻችንን ዛሬውኑ እንጠይቃቸው።