ከአየር ይልቅ ምድር የምታስፈራው አይሮፕላን

ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፈረንሳዊው አብራሪ አንድሬ ማዬ፣ ፖቴዝ 25 የተባለውን ባለድርብ ክንፍ አይሮፕላን ከጅቡቲ አንሥቶ አዲስ አበባ ባሳረፈ ጊዜ፣ ሕዝቡ የተደነቀው ብረትና እንጨት በአየረ ሰማይ ላይ መመላለሱን አይቶ ነበር፤ የሙያው ባለቤት ግን ይበልጥ የሚሠጋው በክረምት ዝናብ የራሰው ሣር ጎማውን ከተቀበለበት ቅጽበት አንሥቶ ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ ላለው አጭር ጊዜ ነው።

የዚያ ዘመን አይሮፕላን ሁለቱ ዐበይት እግሮቹ ከክብደቱ ማእከል ፊት ስለሚቆሙና ጭራው መሬት ላይ ስለሚያርፍ፣ አፍንጫው ወደ ሰማይ ቀና ብሎ የአብራሪውን የፊት መንገድ ይጋርድበታል፤ አብራሪውም በጎን በኩል አሻግሮ እያየ፣ ሁለት እግሮቹን ከመሪው ፔዳል ሳያነሣ ይመራዋል። ከኋላ ያለው ክብደት ቁልቁለት ላይ እንደሚገፋ ጋሪ ፊተኛውን ሊቀድም ይሻልና፣ አይሮፕላኑ ጥቂት እንኳ ዘመም ብሎ መሬት ቢነካ ጭራው ዞሮ ክንፉ ምድርን ይጠርጋል፣ እግሩም ይሰበራል። ፍጥነቱ ሲቀንስ በመሪው ላይ የሚነፍሰው አየር ስለሚደክም፣ «አረፍሁ» ብሎ የተዘናጋ ሰው የሚጠፋው በዚያች ሰዓት ነው።

የቀደሙት አብራሪዎች ግን ሁለት ረዳት ነበራቸው፤ አንደኛው ሣሩን እያረሰ ጭራውን የሚያቀናው የኋላ ተንሸራታች፣ ሁለተኛው ነፋስ ከየትም ቢመጣ ፊት ለፊት ለመግጠም የሚያስችለው ሰፊ ሜዳ። መሬቱ ጠንክሮ፣ ማረፊያው ጠቦ፣ በተንሸራታቹ ፋንታ ትንሽ ጎማ በተተካ ጊዜ፣ የጎን ነፋስ የአብራሪዎች ጠላት ሆነ።

በእኛ አገር ደግሞ ከፍታው ይጨመርበታል። 2,400 ሜትር ግድም በሚደርሰው የአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ መለኪያው ያንኑ ፍጥነት እያሳየ፣ አይሮፕላኑ መሬት የሚነካው ከባሕር ዳርቻው ይልቅ በ12 ወይም በ13 ከመቶ ፈጥኖ ነው፤ ሊገታ የሚገባው ኃይል ግን ከሩብ በላይ ይበልጣል። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በአብራሪው ራስ ላይ የሚጭን ተራኪ ፍርድ ያጎድላል ባይ ነኝ። (በ1923 ዓ.ም. ከዘውዱ በዓል ቀደም ብሎ አብራሪው ሁበርት ጁልያን የንጉሠ ነገሥቱን ጂፕሲ ሞዝ ከባሕር ዛፍ ጋር ያጋጨበት ነገር ግን ከዚህ ይለያል፤ ለእርሱስ ጠበቃ አልቆምም።)

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ፣ ጭራው ምድር የሚነካው ዲሲ-3 በየጠቅላይ ግዛቱ የሣር ሜዳ እየወረደ የወላይታዋን ሶዶንም ከበረራው ሰሌዳ አገባት። የቦምቤና የመላው ቦሎሶ ሰው በሽተኛውን በቃሬዛ ተሸክሞ ወደ ሶዶ በሚወስድበት ዘመን፣ በዳሞታ ተራራ ግርጌ ያለው ያ ሜዳ ቀላል ጸጋ አልነበረም።

በ1956 እ.ኤ.አ. ሴስና 182 በአፍንጫው ሥር ጎማ ይዞ ሲወጣ፣ ክብደቱ ከእግሮቹ ፊት ስለዋለ የመዞር ጠባዩ ቀረ፤ ማረፍም ለጀማሪ ቀለለ። ነገር ግን ያች ፊተኛ እግር በጉድጓድና በድንጋይ ላይ በቶሎ የምትታጠፍ፣ ፕሮፔለሩም ለጠጠር የቀረበ ሆኖ ስለተገኘ፣ ፋብሪካው ራሱ በ1961 እ.ኤ.አ. ሴስና 185ን በኋላ ጎማ ሠርቶ ሸጠ፤ ባልተጠረገ ሜዳ የሚሠሩ አብራሪዎችም አደጋውን እያወቁ መረጡት።